ካዎ (የጋሞ ማዕረግ)

ካዎ በጋሞ ደጋማ አገር፣ ማለትም በዶርዜ፣ በዶኮ፣ በጨንቻ፣ በቦረዳና በሌሎች አካባቢዎች፣ ከአባት ወደ በኩር ልጅ በዘር የሚተላለፍ ማዕረግ ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ንጉሥ» ይባላል። ይሁን እንጂ የጋሞ ካዎ በአብዛኛው ሠራዊት የሚያዝዝ፣ እንደ ፈቃዱ ግብር የሚጥልና ሕግ የሚያወጣ ገዥ አልነበረም። ዋና ሥራው በአገሩ ስም መሥዋዕት ማቅረብ ሲሆን፣ የአገሩን ጉዳይ መክሮ የሚወስነው ዱቡሻ የሚባለው የሕዝብ ጉባኤ ነበር። ከካዎ ጎን ለጎንም በዘር ሳይሆን በጉባኤ ምርጫ የሚገኝ፣ ሀላቃ የሚባል ሌላ ማዕረግ አለ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጋሞ አገር በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲጠቃለል፣ ካዎነት ከባላባትነት ጋር ተገናኘ፤ የመንግሥት ሥልጣንና የመሬት ጥቅምም ተጨመረበት። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ጥቅም አስቀረ። ካዎ የሚለው ስምና ከስሙ ጋር የተያያዘው የዘር ሐረግ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

== አገሩና ሕዝቡ ==

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉጌ ተራሮች ይገኛል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ ከዳገቱ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የአባያና የጫሞ ሐይቆች ይታያሉ። አካባቢው ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን ውስጥ ነው። የዶርዜ ሰዎች እንሰት፣ ገብስና ስንዴ ያመርታሉ፤ በመላው ኢትዮጵያ የታወቁት ግን በሸማ ሥራቸው እና ከቀርከሃ ተሠርተው በሚቆሙት ረጃጅም ቤቶቻቸው ነው። ቋንቋቸው ከጋሞኛ ጋር እጅግ የተቀራረበ ሲሆን፣ ከወላይትኛ፣ ከጎፋኛና ከዳውሮኛ ጋር በኦሞቲክ ቋንቋዎች ውስጥ የኦሜቶ ክፍል ነው።

ጋሞ የሚለው ስም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለአፄ ይስሐቅ በተዘመረው የውዳሴ መዝሙር ውስጥ ይገኛል። በአካባቢው ያለው የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ደጋው ከሰሜኑ የክርስቲያን መንግሥት ጋር ጥንታዊ ግንኙነት እንደነበረው ከሚያሳዩት ምስክሮች አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ቢሆንም፣ የጋሞ ደጋ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊት በአንድ ንጉሥ ሥር የተዳደረ አንድ መንግሥት አልነበረም።

== ደሬ ==

የጋሞ ደጋ ደሬ በሚባሉ ወደ 40 በሚጠጉ አገሮች የተከፋፈለ ነበር። ደሬ ማለት «አገር» ማለት ነው። ዶርዜ አንድ ደሬ ነው፤ ዶኮ፣ ጨንቻ፣ ኤዞ፣ ዲታ፣ ቦረዳ፣ ቦንኬ፣ ካምባ እና ኦቾሎም እንዲሁ። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ወሰን፣ የራሱ ጉባኤ፣ የራሱ ገበያና የራሱ ካዎ ነበረው። ደሬዎቹ እርስ በርስ ይጋባሉ፤ ይገበያያሉ፤ አንዳንዴም ይዋጉ ነበር።

ስለዚህ «የጋሞ ካዎ» ሲባል በመላው ጋሞ ላይ የነገሠ አንድ ሰው ማለት አይደለም። የዶርዜ ካዎ በዶኮ፣ የዶኮ ካዎም በዶርዜ ላይ ሥልጣን አልነበራቸውም። የካዎዎቹ ኃይልም ከደሬ ደሬ ይለያይ ነበር። በአንዳንዱ ደሬ ካዎው በጦርነትና በዳኝነት ጉዳይ ጠንካራ ድምፅ ሲኖረው፣ በሌላው ደግሞ ከመሥዋዕት ሥራው ውጭ ቃሉ ከሌሎች ሽማግሌዎች ቃል ብዙም አይበልጥም።

== የበኩር ሥርዓት ==

የካዎ ማዕረግ የቆመው ባይራ በሚባለው ሐሳብ ላይ ነው። ባይራ ማለት በኩር፣ ታላቅ ማለት ነው። በዶርዜ ቤተሰብ ውስጥ አባት ሲሞት ቦታውን የሚተካው የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነው። በኩሩ ከታናናሾቹ የበለጠ ርስት ይወርሳል። በምላሹ ደግሞ ኃላፊነት ይሸከማል፤ ለቤተሰቡ ደኅንነት፣ ለከብቱና ለእርሻው ፍሬ መሥዋዕት የሚያቀርበው እርሱ ነው። ታናሽ ወንድም ታላቁን ቀድሞ ማረድ አይፈቀድለትም።

ይህ ሥርዓት ከቤተሰብ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በወንድማማቾች መካከል ታላቁ ወንድም፣ በዘመዳሞች መካከል የበኩሩ ቤት በኩር፣ በጎሳው ውስጥ የጎሳው በኩር ይቀድማል። ካዎው የዚህ መሰላል የመጨረሻው እርከን ነው፤ ለመላው ደሬ እንደ በኩር ልጅ ይቆጠራል። በእምነቱ መሠረት ልምላሜና ፍሬ ከላይ ወደ ታች፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። ካዎው በተራው ካላረደ ከእርሱ በታች ያሉት መሥዋዕት ትርጉም ያጣል።

በዚህ ሥርዓት ታላቅነት የሚለካው በዕድሜ ብቻ አይደለም። የበኩሩ ልጅ ገና ወጣት ሆኖ አጎቱ ሽበታም ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። በመሥዋዕቱ ተራ የሚቀድመው ግን የበኩሩ መሥመር ስለሆነ ወጣቱ ይቀድማል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዶርዜ ጥናት ያደረገው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በዶርዜዎች ዘንድ ስላለው የታላቅነት ሥርዓት እንቆቅልሽ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አቅርቧል።

== የካዎ ተግባርና ገደብ ==

የካዎው ዋና ተግባር ለአገሩ ማረድ ነው። ዝናብ በጊዜው እንዲጥል፣ እህሉ እንዲያፈራ፣ ከብቱ እንዲረባ፣ በሽታና ጦርነት ከአገሩ እንዲርቁ በደሬው ስም መሥዋዕት ያቀርባል። ይህን ማንም ሌላ ሰው ሊያደርግለት አይችልም። ሀብታም፣ ጀግና ወይም አንደበተ ርቱዕ መሆን የካዎን ቦታ አያስገኝም፤ ቦታው የሚገኘው በመወለድ ብቻ ነው።

በአንጻሩ ካዎው ራሱ በዎጋ የታሰረ ነበር። ዎጋ የአባቶች ሕግ ወይም ልማድ ማለት ነው። ዎጋን መጣስ ጎሜ ያመጣል። ጎሜ ማለት ነውር የሆነውን ነገር መፈጸምና ከዚያ የሚመጣው መዘዝ ነው። ጎሜ ያለበት ሰው ሊታመም፣ ልጅ ሊያጣ፣ እርሻው ሊከዳው ይችላል ተብሎ ይታመናል። የአንድ ተራ ሰው ጎሜ የሚጎዳው ራሱንና ቤተሰቡን ሲሆን፣ የካዎ ጎሜ ግን አገርን ይጎዳል። ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ሰዎች ተሰብስበው የማን ጥፋት እንደሆነ ይመረምሩ ነበር፤ ካዎውም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አልነበረም። ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ጥፋተኛው በጉባኤ ፊት ተናዝዞ ዕርቅ ያወርዳል።

ስለዚህ ካዎነት ከክብሩ ጋር ብዙ ገደብ ያለበት ማዕረግ ነበር።

== ሀላቃ ==

ከካዎ ቀጥሎ የሚታወቀው ማዕረግ ሀላቃ ነው። ቃሉ ከአማርኛው «አለቃ» ጋር በድምፅ ይመሳሰላል። ሀላቃ የሚሾመው በዱቡሻ ነው። የሚመረጠው ሰው ያገባ፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ ሙሉ መብት ያለው፣ ጎሜ የሌለበትና ድግሱን መቻል የሚችል መሆን አለበት። ዋናው ግዴታው ሕዝቡን ማብላትና ማጠጣት ነው። ድግሱ የብዙ ወራት ዝግጅትና የብዙ ዓመት ቁጠባ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ሹመቱ ሁልጊዜ በደስታ የሚቀበሉት አልነበረም። የተመረጠው ሰው ከዘመዶቹ ይበደራል፤ ዘመዶቹም ክብሩ የእነርሱም ስለሆነ ያግዙታል።

አዲስ ሀላቃዎች በመስቀል በዓል ሰሞን በአናታቸው ላይ ብዙ ቅቤ ተደርጎላቸው በገበያው መካከል ይዞራሉ። ሕዝቡም በዚያ ያያቸዋል፤ ሹመታቸውም በአደባባይ ይታወቃል። ይህ የቅቤ ሥርዓት ከኢትዮጵያ ውጭም ታውቋል። ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ ባሳተመው፣ ስለ ምልክቶች ትርጉም በሚመረምር መጽሐፉ ውስጥ ከዶርዜ ከወሰዳቸው ምሳሌዎች አንዱ ይኸው ነው።

ሀላቃው በሹመት ዘመኑ የጉባኤውን ውሳኔ ያስፈጽማል፤ ሰላም ያስጠብቃል፤ ብዙ ነውሮችንም ይጠነቀቃል። ዘመኑ ሲያበቃ ቦታውን ለሌላ ይለቅቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያገለገለ ሰው የሚያገኘው ክብር አይለየውም።

የሁለቱ ማዕረጎች ልዩነት ባጭሩ እንዲህ ነው፦

* ካዎ በዘር ይገኛል፤ ሀላቃ በጉባኤ ይመረጣል።
* ካዎ እስከ ዕድሜ ልክ ነው፤ ሀላቃ ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል።
* በአንድ ደሬ ካዎ አንድ ነው፤ ሀላቃዎች ብዙ ናቸው።
* ካዎ ለአገር ያርዳል፤ ሀላቃ ለአገር ይደግሳል።
* ካዎነትን ሀብት አይገዛውም፤ ሀላቅነት ያለ ሀብት አይሞከርም።

== ዱቡሻ ==

ዱቡሻ ሁለት ትርጉም አለው፦ የመሰብሰቢያው ሜዳና ጉባኤው ራሱ። በትንሽ ሰፈር፣ በቀበሌና በደሬ ደረጃ የተለያዩ ዱቡሻዎች አሉ። የወሰን ጠብ፣ የጋብቻ ክርክር፣ የግጦሽ፣ የደን፣ የመንገድና የዕርቅ ጉዳይ በዱቡሻ ይቀርባል። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፤ ተናጋሪዎች ተራ በተራ ይናገራሉ። ውሳኔ የሚሰጠው ድምፅ ተቆጥሮ ሳይሆን ተሰብሳቢው እስኪስማማ ድረስ ተመክሮ ነው።

ካዎው በደሬው ዱቡሻ የክብር ቦታ አለው፤ የጉባኤውን ስምምነት ግን ብቻውን ሊሽር አይችልም። ፈረንሳዊው አጥኚ ማርክ አቤሌስ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለችው በኦቾሎ ያደረገው ጥናት፣ እንደዚሁም ዣክ ቢውሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ጋሞ የፖለቲካ ሥርዓት ያሳተመው መጽሐፍ በእነዚህ ጉባኤዎች ላይ ያተኮሩ ናቸው።

== ከማዕረግ የተገለሉ ወገኖች ==

የጋሞ ጉባኤ ለሁሉም ሰው ክፍት አልነበረም። ማኅበረሰቡ በትውልድ የተለያዩ ክፍሎች ነበሩት። ማላ የሚባሉት ሙሉ መብት ያላቸው ገበሬዎችና ሸማኔዎች ናቸው። ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ደጋላ የሚባሉት ደግሞ ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። ማናና ደጋላ ከማላ ጋር መጋባት ክልክል ነበር። በዱቡሻ እንደ ማላ ተነሥተው መናገር፣ ሀላቃ መሆን ወይም የካዎን ቦታ መውረስ አይችሉም ነበር። መሬታቸውም ጥቂት ነበር፤ ለብዙዎቹም ምንም አልነበራቸውም።

ይሁንና ያለ እነርሱ የማዕረግ ሥርዓቱ አይፈጸምም ነበር። በሹመትና በለቅሶ ላይ መለከት መንፋት፣ ከበሮ መምታትና መልእክት ማድረስ የእነርሱ ድርሻ ነበር። ስለ ጋሞ ዱቡሻ ሲነገር ብዙ ጊዜ «ዴሞክራሲ» የሚለው ቃል ይጠቀሳል። ይህ አገላለጽ በማላ ወንዶች መካከል ለነበረው ምክክር ይስማማል፤ ሴቶችንና የእጅ ባለሙያዎችን ሲጨምሩበት ግን ያንሳል። በዘር የሚወረሰው ከፍ ያለ ማዕረግ ብቻ ሳይሆን መገለልም ጭምር ነበር።

== ታሪክ ==

=== በምኒልክ መንግሥት ሥር ===

የአፄ ምኒልክ ሠራዊት በ1887 ዓ.ም. የጋሞን ሰሜናዊ ጎረቤት ወላይታን ያዘ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ከከባድ ውጊያ በኋላ ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የጋሞ ደጋም ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ በመንግሥቱ ሥር ገባ። ከሰሜን የመጡ መኳንንትና ወታደሮች በአካባቢው ሰፈሩ፤ ገበሬውም በገባርነት ተመደበላቸው። ጨንቻ የአስተዳደር ከተማ ሆነች፤ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ድረስም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ ዋና ከተማው በቆላው ወደ ተመሠረተችው አርባ ምንጭ ተዛወረ።

አዲሱ መንግሥት ከሕዝቡ ጋር የሚያገናኘው ሰው ያስፈልገው ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ እንደተደረገው፣ የአገሩ ነባር መሪዎች ባላባት ተብለው ተሾሙ። ባላባቱ ግብር ይሰበስባል፤ ሰው ለሥራ ያወጣል፤ ትእዛዝ ያደርሳል፤ ለአገልግሎቱም መሬት ያገኛል። ከጋሞ ካዎዎችና ከዘመዶቻቸው መካከል ይህን ሹመት የያዙ ነበሩ።

በዚህ ጊዜ ማዕረጉ ሁለት መልክ ያዘ። ካዎው በሕዝቡ ዓይን ለአገር የሚያርድ በኩር ነው፤ በመንግሥት ዓይን ግን ግብር አስገቢ ሹም ነው። በቀድሞው ዎጋ ካዎውን የሚጠይቀው ዱቡሻ ነበር፤ ባላባቱ ግን የሚጠየቀው በበላዩ ባለው አገረ ገዥ ነው። አንድ ባላባት ከጉባኤው ጋር ቢጣላ ወደ ጨንቻ ወጥቶ የመንግሥትን ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል። ዱቡሻ በአገር ውስጥ ጉዳይ መሰብሰቡን ቢቀጥልም፣ የመጨረሻው ሥልጣን ከእጁ ወጥቶ ነበር።

ባላባትነትና ካዎነት አንድ ነገር እንዳልነበሩ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በዲታ ጭማቴ ጩምባሎ የተባሉ ሴት በባላባትነት ሕዝብ መርተዋል። ካዎነት ከአባት ወደ ወንድ በኩር የሚሄድ ስለሆነ ለሴት የማይታሰብ ነበር፤ ባላባትነት ግን የመንግሥት ሹመት ስለሆነ በር ከፈተ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጁዲት ኦልምስቴድ የእኚህን ሴት የሕይወት ታሪክ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትማለች።

=== የሸማ ገንዘብና የሀላቃ ድግስ ===

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዶርዜና የአጎራባች ደሬዎች ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች በብዛት ሄዱ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎቹ ዋና መኖሪያና ገበያ ሆነ። ሸማኔዎቹ ለመስቀል በዓል ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገንዘብ ይዘው ይመጡ ነበር።

ይህ ገንዘብ ሁለቱን ማዕረጎች በእኩል አልነካቸውም። ሀላቃ መሆን ድግስ ስለሚጠይቅ፣ ገንዘብ ያለው ወጣት ከመሬት ባለቤቱ ከበኩሩ ቀድሞ ሊደግስ ቻለ። የድግሱ መጠን፣ ጊዜውና ሥርዓቱም በየጉባኤው እየተመከረበት ተለወጠ። የካዎና የበኩሮች መሥዋዕት ግን ገንዘብ የሚጨምርበት ነገር አልነበረውም። እንግሊዛዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን በዶኮ ባደረገችው ጥናትና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ የመረመረችው ይህንኑ ጥያቄ ነው፦ በአንድ አገር ውስጥ ጎን ለጎን ከሚኖሩት ሁለት ሥርዓቶች የሹመቱ ሲለወጥ የመሥዋዕቱ ለምን ብዙም ሳይለወጥ ቀረ?

=== ከአብዮቱ በኋላ ===

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተላኩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኝነትና የመሬት ባለቤት መብት ቀሩ፤ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ባላባትነትም በዚህ አበቃ። የካዎ ቤተሰቦች ከባላባትነት ያገኙት መሬትና ሥልጣን ተወሰደ። በዘር ከመሬት ርቀው ለነበሩ የእጅ ባለሙያዎች ግን አዋጁ አዲስ ተስፋ ነበር።

የደርግ መንግሥት ባህላዊውን መሥዋዕትና ሹመት እንደ ኋላ ቀር ልማድ ይመለከተው ስለነበር፣ ሥርዓቶቹ በብዙ ቦታ ተከለከሉ ወይም በስውር ይካሄዱ ጀመር። በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት በደጋው ተስፋፉ። አማኞቻቸው ከመሥዋዕቱም ከሀላቃ ድግሱም ራቁ። በዚህ የተነሣ አንዳንድ በኩር ልጆች የአባታቸውን ቦታ ወርሰው ለማረድ ፈቃደኛ አልሆኑም። በዘር የሚተላለፍ ማዕረግ ላይ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ የተመረጠ ሰው እምቢ ቢል ሌላ ይመረጣል፤ በኩር እምቢ ቢል ግን ቦታውን በሙሉ መብት የሚይዝ ሌላ በኩር የለም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ባህላዊ ሥርዓቶች እንደገና በአደባባይ ታዩ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በባህላዊ ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። ዱቡሻና ዎጋም በአካባቢ ዕርቅ ሥራ ላይ ከመንግሥት ፍርድ ቤቶች ጎን ማገልገላቸውን ቀጥለዋል።

== ከሌሎች የዘር ማዕረጎች ጋር ሲነጻጸር ==

ካዎ የሚለው ቃል በወላይታም አለ፤ ሥልጣኑ ግን የተለየ ነበር። የወላይታ ካዎ በአንድ ሰፊ መንግሥት ላይ የነገሠ፣ ሠራዊትና ሹማምንት ያሉት ንጉሥ ነበር። የከፋው ታቶም እንዲሁ ነበር፤ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ተማርከዋል። እንዲህ ባሉ አገሮች ንጉሡ ሲማረክ መንግሥቱ ፈረሰ። በጋሞ ግን እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ካዎ ስለነበረውና የካዎው ሥራም ከጦር ይልቅ ከመሥዋዕት ጋር የተያያዘ ስለነበር ማዕረጉ ከድሉ በኋላም ኖረ።

ከኢትዮጵያ ውጭ የስኮትላንድ ታሪክ ለንጽጽር ያመቻል። በስኮትላንድ ደጋማ አገር የጎሳ አለቆችና መኳንንት ማዕረጋቸውን በአብዛኛው ለበኩር ልጅ ያወርሱ ነበር፤ ከማዕረጉም ጋር በገባሮቻቸው ላይ የመፍረድ ሥልጣን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1745 የተነሣው ዓመፅ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1747 የታላቋ ብሪታንያ ፓርላማ ይህን በዘር የሚወረስ የዳኝነት ሥልጣን በሕግ ሻረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ሥራ ላይ የዋለ ሌላ ሕግ ደግሞ የቀረውን የባላባት የመሬት ሥርዓት አስቀረ፤ የባሮንነት ማዕረግም ከመሬት ተለይቶ ስም ብቻ ሆነ። በስኮትላንድ ዳኝነቱና መሬቱ ከማዕረጉ ለመለየት ከ250 ዓመት በላይ ወሰደ። በጋሞ መሬትና መንግሥታዊ ሥልጣን ወደ ካዎነት የገቡትም የወጡትም ከ80 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። ሌላው ልዩነት መነሻው ነው፤ የስኮትላንድ መኳንንት ማዕረግ ከንጉሥ የተሰጠ ሲሆን፣ የጋሞ ካዎ ግን ከማንም ንጉሥ ሹመት አልተቀበለም።

== ዛሬ ==

በአሁኑ ጊዜ ካዎ የሚለው ማዕረግ በመንግሥት አስተዳደር ውስጥ ቦታ የለውም። ቀበሌውን፣ ወረዳውንና ዞኑን የሚመሩት በመንግሥት መዋቅር የተመደቡ ሰዎች ናቸው። ካዎዎች በመስቀል በዓል፣ በዕርቅና በሕዝብ ስብሰባ ላይ ዱንጉዛ የሚባለውን ባለ ቀለም የሸማ ልብስ ለብሰው በክብር ይቀመጣሉ፤ ምርቃትም ይሰጣሉ። ለካዎው የሚቀርበው ክብር ግን እንደየሰው እምነት ይለያያል። ለአንዱ ካዎ የአገር በኩር ነው፤ ለሌላው የባህል ምልክት ነው፤ መሥዋዕትን ለሚቃወም አማኝ ደግሞ የተተወ ልማድ ነው። በማናና በደጋላ ቤተሰብ ለተወለደ ሰው ስለ ማዕረጉ መነሣቱ የመገለልን ጥያቄም አብሮ ያነሣል። ሕጉ ዜጎችን እኩል ቢያደርግም፣ በጋብቻና በቀብር ላይ የቀድሞው ልዩነት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

የጋሞ አባቶች ሥርዓት በመላው ኢትዮጵያ የታወቀው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመ ጥቃት ሰዎች ተገድለው፣ ብዙ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆችም ተፈናቅለው ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የአገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩና ወጣቶቹን ለመኗቸው። በዎጋ መሠረት ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ቀን መንገዱን የዘጋው የመንግሥት ትእዛዝ ወይም የዘር ማዕረግ ብቻውን አልነበረም። ካዎውም፣ ሀላቃውም፣ ተራው ሽማግሌም በጋራ የሚገዙለት ዎጋ ነበር።